የቤዝቦል ጓዳ

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ «የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ነው የምሠራው» ካለ ሁለት ጥያቄ ይከተለዋል። የመጀመሪያው «ትጫወታለህ እንዴ?» የሚል ነው። ጠያቂው ከላይ እስከ ታች ያይህና ቦርጭህ ጋ ሲደርስ መልሱን ራሱ ያገኘዋል። ሁለተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። «ታዲያ ጨዋታው ሲያልቅ ምን ትሠራለህ?»

ይህን ያልጠየቀኝ የለም። ለቅሶ ቤት ጠይቀውኛል፤ ክርስትና ቤት ጠይቀውኛል፤ የጥርስ ሐኪሜ አፌን አስከፍቶ፣ መልስ መስጠት በማልችልበት ሰዓት ጠይቆኛል። አክስቴማ ከጥያቄ አልፋ ሐዘኔታ ላይ ደርሳለች። ኖቬምበር በገባ ቁጥር ትደውልና «አንተ ልጅ፣ እንግዲህ ሥራ ፈታህ አይደል? ለምን ኡበር አትጀምርም?» ትለኛለች። «ኧረ እትዬ፣ ሥራ የሚበዛብኝ እንዲያውም አሁን ነው» ስላት ትንሽ ዝም ትልና «ይሁን፤ እኔ ለማንም አልናገርም» ብላ ታጽናናኛለች።

በአክስቴ አልፈርድም። ቤዝቦል ከሩቅ ለሚያየው የሙቀት ወራት ነገር ነው። በትልቁ ሊግ 30 ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ በማርች መጨረሻ ይጀምርና እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 162 ጊዜ ይጫወታል፤ 81ዱን በሜዳው፣ 81ዱን በሰው ሜዳ። የቀናው እስከ ኦክቶበር ማብቂያ ይዘልቃል። ከዚያ ተጫዋቹ ሻንጣውን ይዞ ወደ ፍሎሪዳ፣ ወደ ዶሚኒካን፣ ወደ ጃፓን ይበተናል። ደጋፊው ቴሌቪዥኑን ወደ ሌላ ስፖርት ያዞራል። የስታዲየሙ በር ሲቆለፍ ሰው ሁሉ እኛም አብረን የተቆለፍን ይመስለዋል። ድግስ የበላ ሰው የሚያውቀው አዳራሹን ነው። ሽንኩርት የተከተፈበትን፣ ጠላ የተጠነሰሰበትን፣ ሁለት ሴቶች በበርበሬ ልክ የተኳረፉበትን ጓዳ አያውቅም። የቤዝቦል ጓዳው ክረምት ነው።

የቡድኑን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። በምሥራቁ ጠረፍ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ከተማ ነው ካልኩ ይበቃል። እኔ የጥገና ክፍል ሠራተኛ ነኝ።

የክረምት ሥራችን የሚጀምረው ከውሃ ነው። 40 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሜዳውን ትታችሁ ካያችሁት በመቶ የሚቆጠር ሽንት ቤት ነው። የእጅ መታጠቢያው፣ የቢራ መቅጃው፣ የሆት ዶግ መቀቀያው ሁሉ በቧንቧ የተያያዘ ነው። አብዛኛው ቧንቧ ደግሞ ማሞቂያ በሌለበት፣ ነፋስ እንደ ልቡ በሚገባበት ኮንክሪት ውስጥ ያልፋል። ውሃ ሲበርድ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ሲያብጥ ቧንቧ ይፈነዳል። ስለዚህ ውርጩ ሳይቀድመን መስመሩን ሁሉ ማድረቅ ግድ ነው።

መጀመሪያ ዋናው ቫልቭ ይዘጋል። ታች አንድ ትልቅ ኮምፕሬሰር ይቆምና በወፍራም ጎማ አየር ወደ መስመሩ ይነፋል። እኔ ላይኛው ፎቅ፣ ርካሽ ቲኬት የገዛ ሰው በሚጠቀምበት ሽንት ቤት ውስጥ ሬዲዮ ይዤ እቆማለሁ። «ክፈት!» ሲሉኝ የመጀመሪያውን ቧንቧ እከፍታለሁ። ውሃው መጀመሪያ እንደ ወትሮው ይወርዳል። ቀጥሎ ያስላል፣ ያነጥሳል፣ ያጓራል። ከዚያ ጉም ብቻ ይተፋል። በመጨረሻ ጉሙም ያልቅና ደረቅ ፉጨት ይሆናል። ፉጨቱ ሲጠራ ዘግቼ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። መቀመጫዎቹ ጋ ስንደርስ ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የታመቀው አየር ውሃውን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው የሚልከው። ልምድ ያለው ሰው አንድ እግሩን ከበሩ ውጭ አድርጎ፣ ፊቱን አዙሮ፣ በጣቱ ጫፍ ነው የሚጫነው። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ሲመጣ ይህን ማንም አይነግረውም። የክረምት መዝናኛችን ጥቂት ስለሆነ እሷን አናባክናትም።

ማድረቁ ሲያልቅ በየማፍሰሻው የቀረችው ውሃ እንዳትረጋ ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ እንጨምርባታለን። በበጋ ሰው ግማሽ ጨዋታ እስኪያመልጠው የሚሰለፍለት ሽንት ቤት፣ ሮዝ ውሃውን ይዞ ያለ ሰልፈኛ ይከርማል።

ውሃው ከመዘጋቱ በፊት መታጠብ ያለበት አንድ ቦታ አለ፤ ተጫዋቾቹ ተራቸውን የሚጠብቁበት ዳግአውት። የቤዝቦል ተጫዋች የሥራ ሰዓቱ ብዙው መቀመጥ ነው። ሲቀመጥ ያኝካል፤ ማስቲካና የሱፍ ፍሬ። እናቴ ሱፍን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አጥልላ በጾም ፍትፍት ታቀርብልን ነበር፤ ጠብ ቢል ትቆጣለች። እዚህ ጨው ተነስንሶበት በከረጢት ይመጣል። ተጫዋቹ እፍኙን ጉንጩ ሥር ይወሽቅና በምላሱ እየፈለፈለ ፍሬውን ይውጣል፣ ልጣጩን «ትፍ!» ወለሉ ላይ። ይህ ስድስት ወር ይቆያል። ልጣጩ ከጎማው ምንጣፍ ሥር፣ ከማፍሰሻው ወንፊት፣ ከአግዳሚው ስንጥቅ ይገባል። በግፊት ውሃ ታጥቦ አለቀ ስትል አንድ ብሎን ትፈታለህ፤ ከሥሩ ሌላ እፍኝ ይወጣል።

ማስቲካው በጠፍጣፋ ብረት ይፋቃል። አግዳሚው ሥር ተንበርክኬ ስፍቅ የማን ማስቲካ እንደሆነ ከቦታው አውቀዋለሁ፤ ኮከቡ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው። እንዲህ ያለ ነገር መጣል ሞኝነት ሊሆን ይችላል። የአሪዞናው ሉዊስ ጎንዛሌዝ ያኘከው ማስቲካ እ.ኤ.አ. በ2002 ለበጎ አድራጎት በጨረታ ቀርቦ 10,000 ዶላር አውጥቷል። እኔ በአንድ ክረምት የምፍቀው ማስቲካ በዚህ ሂሳብ ቢሰላ ሰፈሩን እገዛዋለሁ። ችግሩ ባለቤቱን የሚመሰክርልኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

ሜዳው የእኔ ክልል አይደለም። የሣሩ ኃላፊ የሚባል ሰው አለ። ሣሩን ረግጦ የሚያልፍ ካየ ዓይኑ ደም ይለብሳል። ይህ ሰው የሚኖረው በሜትር ነው። ወርዋሪው ከሚቆምባት ጉብታ እስከ መቺው ድረስ 18.44 ሜትር፤ የጉብታዋ ከፍታ 25 ሳንቲ ሜትር፤ ዝንፍ የለም። ቀድሞ ከፍታዋ 38 ሳንቲ ሜትር ነበር። በ1968 ግን ወርዋሪዎቹ መቺዎቹን መከራ አበሏቸው። የሴንት ሉዊሱ ቦብ ጊብሰን ዓመቱን ሙሉ ወርውሮ የተቆጠረበት ነጥብ በጨዋታ በአማካይ 1.12 ብቻ ሆነ። ሊጉ ምን አደረገ? በ1969 ጉብታዋን ዝቅ አደረጋት። ሠራተኛ ሲጎብዝ የሚቆምበትን መሬት ዝቅ ማድረግ የአለቆች የቆየ ዘዴ ነው።

ጉብታዋ በክረምት በአዲስ ሸክላ አፈር ትታደሳለች፣ ትደለደላለች፣ ተሸፍና ትቀመጣለች። ሣሩ ግን ዕረፍት የለውም። የገቢ ክፍሉ ባዶ ሜዳ ሲያይ ሆዱን ያመዋል። ይሄ የእኛ ብቻ አመል አይደለም። በጃንዋሪ 1 ቀን፣ በ2009 የቺካጎው ሪግሊ ፊልድ፣ በ2010 የቦስተኑ ፌንዌይ ፓርክ፣ በ2015 የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ፓርክ ሜዳቸው ላይ በረዶ ተነጥፎ የሆኪ ጨዋታ ተካሂዷል። የኛዎቹም ክረምት ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ማከራየት ይወዳሉ። እኛ ከሣሩ በታች ያለው ውሃ እንዳይረጋ ስንታገል፣ እነሱ ከሣሩ በላይ ውሃ የሚያረጋ ማሽን ይከራያሉ። ለሁለታችንም ደሞዝ የሚከፍለን አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የሣሩ ኃላፊ በዚያ ሰሞን ከሰው አይነጋገርም፤ ሰላምታውም በቅንድብ ነው።

ቢሮዎቹ ባሉበት ላይኛው ፎቅ ያለው ክረምት ሌላ ነው። እዚያ ሰው ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል። በዲሴምበር የየቡድኑ ሹማምንት አንድ ከተማ ይሰበሰቡና ሆቴል ውስጥ በየሶፋው ይሾካሾካሉ። በዲሴምበር 2023 ሾሄይ ኦታኒ የሚባለው ተጫዋች ዶጀርስ ከተባለው ቡድን ጋር የ10 ዓመት፣ የ700 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ፤ 680 ሚሊዮኑን ግን «ከ2034 እስከ 2043 ትሰጡኛላችሁ» ብሎ አቆየው። በዓመቱ ሁዋን ሶቶ ከኒው ዮርኩ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ተስማማ። እንደ ኦታኒው ያለ ዱቤ ለሜትስም እንግዳ አይደለም። ቦቢ ቦኒያ ጫማውን የሰቀለው በ2001 ነው፤ ሜትስ ግን ከ2011 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ 1 ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ይከፍለዋል፤ እስከ 2035 ድረስም ይቀጥላል።

የኦታኒ ወሬ በተሰማ ሰሞን እኛ ጥገና ክፍል ውሃ የማያስገባ ቦት ጫማ ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነበር። መልሱ መጣ፤ «በጀት የለም» ይላል። የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ የሆነው ባልደረባዬ ወረቀቱን አንብቦ «ጫማውን አሁን ይስጡን፤ ዋጋውን በ2034 ይክፈሉ» አለ። ሐሳቡን ለአለቃችን አቀረብነው። አለቃችን ሳቀ፤ እግራችን ግን አልደረቀም።

ከላይኛው ፎቅ ሥራ የምቀናበት አንድ አለ፤ የጨዋታ መርሐ ግብር ማውጣት። ዛሬ የኮምፒውተር ድርጅቶች ሥራ ነው። እስከ 2004 ድረስ ግን ከ20 ዓመት በላይ የሊጉን መርሐ ግብር ሲያወጡ የኖሩት ሄንሪና ሆሊ ስቲቨንሰን የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። አስቡት፤ ባልና ሚስት እሑድ የማን ዘመድ ቤት እንደሚሄዱ ለመስማማት በሚቸገሩበት ዓለም፣ እነዚህ ሁለቱ የየቡድኑን 162 ጨዋታ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር ብለው ተስማምተው ያድራሉ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የደሞዝ ዳኝነቱ ነው። ሦስት ዓመት ገደማ አገልግሎ ስድስት ያልሞላው ተጫዋች ከቡድኑ ጋር በደሞዝ ካልተስማማ ሁለቱም የሚሉትን ቁጥር ጽፈው ሦስት ዳኞች ፊት ይቀርባሉ። ቡድኑ በየቢልቦርዱ ፎቶውን የሰቀለለትን ልጅ፣ እዚያው ፊት ለፊቱ «ወሳኝ ሰዓት ላይ አይመታም፣ ሩጫውም ቀንሷል» እያለ ሲያብጠለጥለው ይውላል። ልጁ ከረባት አስሮ ይሰማል። ዳኞቹ የኛ አገር ሽማግሌዎች ቢሆኑ «አንተም ትንሽ ውረድ፣ እናንተም ትንሽ ውጡ» ብለው መሃል ላይ አገናኝተው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር አባብለው፣ ጉልበት አሳስመው በሸኟቸው ነበር። እዚህ ግን መሃል ክልክል ነው። ዳኞቹ ከሁለቱ ቁጥር አንዱን ያነሳሉ፤ ሌላው ይወድቃል። ልጁ በወሩ ሲያብጠለጥሉት የዋሉትን ሰዎች ማልያ ለብሶ ልምምድ ይገባል።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ቲኬት ሻጮች አሉ፤ ከኮሌጅ የወጡ፣ ጆሮአቸው ላይ ማዳመጫ የሰኩ ልጆች። አምና የዓመት ቲኬት የገዛውን ሁሉ እየደወሉ «ዘንድሮስ?» ይላሉ። አንዱ ሲሳካለት ደወል ይመታል፤ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። አምና ብዙ ስለተሸነፍን ዘንድሮ ደወሏ ዕረፍት ላይ ናት። አንድ ቀን የክፍላቸውን ማሞቂያ ስጠግን አንዱ ልጅ «ጌታዬ፣ በዚህ ዓመት እኮ ወጣቶቻችን ይበስላሉ» ሲል ሰማሁት። ስልኩ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ድምፁ እኔ ጋ ይደርሳል። «ይህን ለአባቴም ነግራችሁት ነበር» አለው፤ «ሲጠብቅ ሞተ።» ልጁ አንዴ ምራቁን ዋጥ አደረገና በአባታቸው ስም ሁለት ወንበር ሸጠለት። ይህ ልጅ ትልቅ ቦታ ይደርሳል።

ከዚያው ፎቅ የስጦታ ስብሰባ ይካሄዳል። ቀድሞ ለገባ ተመልካች አንገቱ በስፕሪንግ የተያያዘ፣ ሲነኩት ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ የተጫዋች አሻንጉሊት የሚታደልበት ቀን አለ። አሻንጉሊቱ ከቻይና ስለሚመጣ ወራት ቀድሞ መታዘዝ አለበት። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ የስብሰባ ክፍሉን መብራት ስቀይር ናሙናው ጠረጴዛው መሃል ቆሞ ነበር። ከረባት ያሰሩ ሰዎች ከበውት ስለ ጢሙ ይከራከራሉ። አንዷ «ጢሙ እንዲህ ቀይ አይደለም» ትላለች፤ ሌላው «ፀሐይ ላይ ቀይ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ፈገግታው የተጫዋች ሳይሆን የኢንሹራንስ ሻጭ ነው» ይላል። እኔ አራት አምፖል ቀይሬ ስወርድ ጢሙ ገና አልተወሰነም። በመጨረሻ ተወሰነ፣ ታዘዘ፣ በሺ ተመረተ። በጃንዋሪ ላይኛው ፎቅ ተጫዋቹን ሸጠው። አሻንጉሊቶቹ በመርከብ ሲደርሱ ሰውየው ሌላ ከተማ ቤት ተከራይቶ ነበር። አሁን ካርቶኖቹ እኔ ዘንድ፣ ከሮዙ ፈሳሽ በርሜል አጠገብ ተደርድረዋል። ዕቃ ለማንሳት ስገባ መደርደሪያው ከተነካ መጋዘኑ በሙሉ «አዎ፣ አዎ» ይለኛል።

ፌብሩዋሪ ሲመጣ የልብስና የዕቃ ኃላፊው ተራ ነው። ቡድኖቹ ግማሾቹ ወደ ፍሎሪዳ፣ ግማሾቹ ወደ አሪዞና ለልምምድ ይሄዳሉ፤ ዕቃው በካሚዮን ይቀድማቸዋል። በቦስተን ይህ ቀን በዓል ነው። የሬድ ሶክስ ካሚዮን ከፌንዌይ ተነስቶ ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ፎርት ማየርስ ሲሄድ ሕዝብ ብርድ ላይ ቆሞ እጁን እያውለበለበ ይሸኘዋል። ክለቡ የጭነቱን ዝርዝር ሳይቀር ያስነግራል፤ 20,400 ኳስ፣ 1,100 የመምቻ ዱላ፣ 300 ሱሪ፣ 400 ጥንድ ካልሲ፣ 20 ካርቶን ማስቲካ፣ 60 ካርቶን የሱፍ ፍሬ። እኛ ሐበሾች ሰው ለመሸኘት ኤርፖርት ድረስ በሦስት መኪና እንሄዳለን፤ ካልሲ ሸኝተን ግን አናውቅም። ደጋፊው ያንን ካሚዮን ሲያይ ብርዱ ሊያልቅ መሆኑን ያያል። እኔ የማየው 60 ካርቶን ሱፍ ነው። ልጣጩ ተመልሶ ወደ ሙያ ጓዶቼ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ከሚታዘዘው ዕቃ ውስጥ ጭቃም አለ። አዲስ ኳስ ከፋብሪካ ሲመጣ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ከጨዋታ በፊት እያንዳንዱ ኳስ በጭቃ ይታሻል። በማንኛውም ጭቃ አይደለም። ጭቃው ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ወደ ደላዌር ወንዝ ከሚፈስ ውሃ ዳር የሚቀዳ ነው፤ ቦታውን የሚያውቁት ቀጂዎቹ ብቻ ናቸው። ሊና ብላክበርን የሚባል አሠልጣኝ በ1938 ነው የጀመረው፤ ዛሬም በስሙ ይሸጣል። እኛ በየክረምቱ ከሽንት ቤት ወለል ጭቃ ጠርገን እንጥላለን፤ ሌላው ደግሞ ጭቃ በስሙ አስጠርቶ ይሸጣል። ሁሉም እንደ ዕድሉ ነው።

ስለ ቤዝቦል ክረምት የሚነገር አንድ አባባል አለ። የ1920ዎቹ ኮከብ ሮጀርስ ሆርንስቢ ጨዋታ በሌለበት ወራት ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅ፣ በመስኮት እያየ ጸደይን እንደሚጠብቅ ተናግሯል ይባላል። ደጋፊዎች ይህን ሲጠቅሱ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ያንን መስኮት ማን እንደሚወለውለው ነው።

ቤዝቦል ሁሉን የሚመዘግብ ጨዋታ ነው። ኳስ ከእጁ ያመለጠችው ተከላካይ ስህተቱ በስሙ ይጻፍበታል፤ ሆኖም ጨዋታው ምሕረት ያውቃል። ከ10 ሙከራ 3ቱን የመታ ሰው ጎበዝ ይባላል። ቴድ ዊሊያምስ በ1941 ከ1,000 ሲሰላ 406 ደረሰ፤ እስከ ዛሬ ይወራለታል። እሱ እንኳ ከ10 ውስጥ 6ቱን ገደማ ስቷል ማለት ነው። ይህ ምሕረት ግን ለአዳራሹ እንጂ ለጓዳው አይሠራም። እኔ ከ10 ቧንቧ 3ቱን ብቻ አድርቄ «ዘንድሮ ሦስት መቶ መታሁ» ብል ጸደይ ላይ የቪ.አይ.ፒ. እንግዳ ራት በጎርፍ ይሄዳል። በመክፈቻው ቀን 40 ሺህ ሰው ገብቶ እጁን ሲታጠብ ውሃው ይመጣል። ለመጣ ውሃ ያጨበጨበ ሰው አይቼ አላውቅም። በእኛ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ስህተት ብቻ ነው፤ ያልፈነዳ ቧንቧ ስታትስቲክስ የለውም።

ይህን ሁሉ አስቤ፣ በዘንድሮው የደሞዝ ውይይት እንደ ተጫዋቾቹ ለመሆን ወሰንኩ። ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። «አንተም ጻፍ፤ ከሁለቱ አንዱ ይመረጥ፤ መሃል የለም» አልኩት። ወረቀቴን ዘረጋና ለረጅም ጊዜ አየው። ስለ ሥራዬ ብዙ ደግ ነገር ተናገረ፤ አንድም ጊዜ አላብጠለጠለኝም፤ ደግ ነገር ሲበዛ ገንዘብ እንደሌለ ያኔ ነው የገባኝ። በመጨረሻ «ጉዳዩን ወደ ላይ አቀርበዋለሁ» አለና፣ ባዶ እጄን እንዳልወጣ ከመጋዘኑ ካርቶን አንድ አሻንጉሊት ለራሴ እንድወስድ ፈቀደልኝ።

ወሰድኩ። ማታ ቤት ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩትና ቀይ ጢሙን አየሁት። «ጭማሪው ይገባኛል አይደል?» ብዬ ግንባሩን በጣቴ ነካ አደረግሁት። ከዚያ መሥሪያ ቤት የወጣ፣ ሐሳቤን ከልቡ የተቀበለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ እስከ እራት ሰዓት ድረስ ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ።